በእግር የሚታረም ጽሑፍ

የአምስተኛ ክፍል የቋንቋ መምህሯን በስማቸው የሚጠራቸው ሰው የለም። ተማሪዎቻቸው ፊት ለፊት «ቲቸር» ይሏቸዋል፤ ዞር ሲሉ ደግሞ «አራት ነጥብ»። ይህን ቅጽል ስም ያመጣባቸው ጣታቸው ነው። ሰው ወሬ ጀምሮ ማቆሚያው ሲጠፋበት ቀኝ እጃቸውን ከፍ አድርገው አራት ጣት ያሳዩታል፤ «በቃህ፣ እዚህ ላይ አራት ነጥብ አድርግበት» ማለታቸው ነው። ጣታቸው ልጅ አዋቂ አይልም። የወላጅ ኮሚቴው ሊቀ መንበር ላይ በስብሰባ መሃል ተነሥቷል። ዳቦ ሻጩ ስለ ዱቄት ሲያማርር ተነሥቶበታል። ጡረታ በወጡት ባለቤታቸው ላይማ በየቀኑ ይነሣል፤ ሰውየው ዕድሜያቸውን በሙሉ የከተማ አውቶቡስ ሲነዱ ስለኖሩ ያዩትን ጉድ ተናግረው አይጠግቡም።

አራት ነጥብ ቁመታቸው አጭር ነው፤ እርምጃቸው ግን ረጅም። መራመድ ደግሞ የሥራቸው ግማሽ ነው። የቋንቋ መምህርን ምን ያራምዳል የሚል ቢኖር ነገሩ እንዲህ ነው። በየዓመቱ ሁለተኛው ሴሚስተር ሲጀመር ልጆቹን «ከትምህርት ቤቱ በር እስከ ቤታችሁ ያለውን መንገድ ጻፉልኝ» ይሏቸዋል። ታዲያ የተጻፈውን እንደሌላው መምህር ተቀምጠው በቀይ እስክሪብቶ አያርሙትም። ወረቀቱን ይዘው በእግራቸው ይሄዱበታል። ወረቀቱ ታጠፉ ካለ ይታጠፋሉ፤ ዝም ካለ ቀጥ ብለው ይሄዳሉ። ሰው መጠየቅ የለም። ተወልደው ያደጉበት ሰፈር ቢሆን እንኳ እንደ እንግዳ ሆነው ነው የሚሄዱት። ጸሐፊው ከኋላ ከኋላቸው ይከተላል፤ ግን መዳፉን አፉ ላይ ከድኖ ነው። መናገር ክልክል ነው፣ መጠቆም ክልክል ነው፣ በዓይን መጥቀስም ክልክል ነው።

«ጽሑፍ ከቤት ሲወጣ ጸሐፊው አብሮት አይወጣም» ይላሉ ለልጆቹ። «ሰው የጻፋችሁትን ሲያነብ አጠገቡ ቆማችሁ ‹እንዲህ ለማለት ፈልጌ ነው› ልትሉት ነው?»

በዚህ ጠባያቸው ያልገቡበት ጉድ የለም። አንዱ ልጅ «ድልድዩን ይሻገሩ» ብሎ የትኛውን ድልድይ እንደሆነ ሳይጽፍ ቀርቶ ከከተማው ዳር አድርሷቸዋል። አንዷ ግራና ቀኝ ተቀያይሮባት የማያውቋቸው ሴትዮ ጓሮ ውስጥ፣ በተሰጣ ልብስ መሃል ተገኝተዋል። ባለቤታቸው ማታ በር ላይ የሚቀበሏቸው ሁልጊዜ በአንድ ጥያቄ ነው።

«እሺ፣ ዛሬስ የት ጠፍተሽ ዋልሽ?»

«ከጨርቅ መጋዘኑ ጀርባ።»

«እኔ ዕድሜ ልኬን ነድቼ ከጠፋሁት፣ አንቺ በአንድ ወር በእግርሽ የጠፋሽው ይበልጣል» ይሉና እግራቸውን የሚነክሩበት ለብ ያለ ውሃ በሳፋ ያቀርቡላቸዋል።

ዘንድሮ ግን ነገሩ ሳቅ ብቻ አልነበረም። ዘንድሮ ራዲዮ ነበረች።

ራዲዮ የሚሏት የአንድ ቀለም ቀቢ ልጅ ናት። ምላሷ ጤፍ ይቆላል። ጠዋት ክፍል ስትገባ ተከፍታ ነው የምትገባው፤ ከሰዓት ስትወጣም አትዘጋም። የጎረቤታቸው ዶሮ ጣሪያ ላይ ወጥታ እንዴት እንደወረደች ስታወራ የሌላ ክፍል መምህራን ሳይቀሩ ኮሪደር ላይ ቆመው ይሰሟታል። ንባብም አይከብዳትም። እርሳስ አስይዘው ወረቀት ፊቷ ሲያስቀምጡላት ግን ድርቅ ትላለች። በዚህ የተነሣ ባለፈው ዓመት ወድቃ አምስተኛ ክፍልን እየደገመች ነው። አባቷም ቁርጡን ነግሯታል፦ «ሦስተኛ ጊዜ አምስተኛ የለም። ዘንድሮ ካላለፍሽ አክስትሽ ጸጉር ቤት ገብተሽ ትሠሪያለሽ።» ይህን ያለው በክፋት አልነበረም። ራሱ ከአራተኛ ክፍል ወጥቶ ብሩሽ የያዘ ሰው ነው፤ ደንበኛ የሚያገኘውም በአፉ ነው። «አፍ ያለው ሰው የት ይጠፋል? ይጠይቃላ!» ይል ነበር።

የመንገዱ ጽሑፍ ሲታዘዝ ራዲዮ ክፍለ ጊዜውን ሙሉ እርሳሷን ስታኝክ ቆየችና ይህን ይዛ መጣች።

«ከትምህርት ቤት ወጥተው ቀጥ ይበሉ። ሽማግሌው የተቀመጡበት ጋ ሲደርሱ ይታጠፉ። ቡኒው ውሻ ከጮኸብዎት ትክክል ነዎት። ከዚያ ደርሰዋል።»

«ይኸው ነው?» አሉ አራት ነጥብ።

«ቲቸር፣ ልንገርዎት አይሻልም? በአንድ ትንፋሽ ነው የማስረዳዎት!»

«አይሻልም። እጅሽን አፍሽ ላይ አድርጊና ተከተይኝ።»

ወጡ። ከሰዓት በኋላ ነበር። ሽማግሌው አልጠፉም፤ በርጩማቸው ላይ ጎብጠው ተቀምጠዋል። ችግሩ ሽማግሌው ጠዋት ፀሐይ ይሞቃሉ፣ ከሰዓት ጥላ ይፈልጋሉ፤ በርጩማቸውም እንደ ሰዓቱ ከመንገዱ ወዲያና ወዲህ ይሻገራል። አራት ነጥብ በአክብሮት ሰላም ብለዋቸው እሳቸው ባሉበት በኩል ታጠፉ። ራዲዮ ከኋላ መሬቱን በእግሯ መታች። ትንሽ እንደሄዱ ቡኒው ውሻ ከተፍ አለና ይጮህ ጀመር።

«ጥሩ፣ ትክክል ነን» አሉ አራት ነጥብ።

ውሻው ግን ጮሆ የሚተው ዓይነት አልነበረም። ኮቴ በኮቴ ተከተላቸው። እነሱ ሲሄዱ እየጮኸ ይሄዳል፣ ሲታጠፉ እየጮኸ ይታጠፋል። በወረቀቱ ሕግ ከሆነ በሄዱበት ሁሉ ትክክል ናቸው ማለት ነው። የራዲዮ ፊት በርበሬ መሰለ፤ ዓይኖቿ ሊወጡ ደረሱ። እንዲህ እንዲህ እያሉ መንገዱ አልቆ አንድ ብሎኬት ማምረቻ ግቢ ውስጥ ገብተው ቆሙ። ፊቱ በሲሚንቶ የነጣ ሠራተኛ አካፋውን ተደግፎ አያቸው።

«እናቴ፣ ማንን ፈልገው ነው?»

«ማንንም አልጠይቅም ልጄ። ወረቀቱ ይንገረኝ።»

ሠራተኛው ወረቀቱን ተቀብሎ ከላይ እስከ ታች አነበበና ራሱን ነቀነቀ። «‹ደርሰዋል› ነው የሚለው። እንግዲህ ከደረሱ እንኳን ደህና መጡ!» አለና አንድ ብሎኬት አመቻችቶ ጋበዛቸው።

አራት ነጥብ አመስግነው ተቀመጡ። ራዲዮ ከዚህ በላይ አልቻለችም። እጇን ከአፏ አንሥታ ፈነዳች። «ቲቸር፣ ሽማግሌው እኮ ጠዋት ከማዶ ነው የሚቀመጡት! የምንታጠፈው በተጣመመው የመብራት ምሰሶ በኩል ነበር! ውሻው ደግሞ ውሸታም ነው፣ ለሁሉም ነው የሚጮኸው! የእኛ ቤት ከጠባቡ መንገድ ገብተው አረንጓዴው በር ነው፣ ቆጣሪው ክዳን የለውም!»

አራት ነጥብ ጣታቸውን ሳያነሡ አስጨረሷት።

«ይህን ሁሉ ታውቂያለሽ?»

«አዎ!»

«ወረቀቱስ ያውቃል?»

ራዲዮ በሠራተኛው እጅ ያለውን ወረቀት አየችው። እሷም ሌላ ብሎኬት ላይ ቁጭ አለችና እንባዋ መጣ። «ቲቸር፣ ጸጉር ማጠብ ጠልቼ አይደለም። ግን የአክስቴ ሱቅ ከትምህርት ቤቱ ፊት ለፊት ነው። ደወሉ በተደወለ ቁጥር ሁላችሁም ስትገቡ ልሰማ ነው።»

አራት ነጥብ መሐረባቸውን ሰጧት። «ነገ እንጀምራለን» አሉ።

በማግሥቱ ሰሌዳውን መሃል ለመሃል በጠመኔ ከፈሉት። በአንዱ ወገን «ይነሣል»፣ በሌላው «አይነሣም» ብለው ጻፉ። «በመንገዳችሁ ላይ ጠዋትም ማታም፣ በዝናብም በፀሐይም የማይነሣ ነገር ንገሩኝ።»

«ሱቅ!»

«ሱቅ ይዘጋል።»

«ዛፍ!»

«ዛፍ ይቆረጣል። ግን እሺ፣ ትልቅ ከሆነ ይግባ።»

«የሂሳብ ቲቸር!» አለ ከኋላ አንዱ። «ደወል ቢደወልም አይነሡም!»

ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። አራት ነጥብም ፊታቸውን ወደ ሰሌዳው አዙረው ሳቁ፤ ባልደረባቸው ናቸውና ልጆቹ እንዲያዩባቸው አልፈለጉም።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ራዲዮ ከትምህርት በኋላ እየቀረች ትጽፍ ነበር። ትጽፍና ወረቀቷን ለሌላ ልጅ ትሰጣለች፤ ልጁ ጮክ ብሎ ያነባል፤ እሷ አፏን ይዛ ትሰማለች። ልጁ ግራ የገባው ቦታ ላይ ይቆማል። እሷም ወረቀቷን ተቀብላ ትሰርዛለች፣ ከላይ ትጨምራለች፣ በኅዳጉ በኩል ቀስት ታወርዳለች። «ቲቸር፣ እጄ አፌን አይደርስበትም!» እያለች ታማርራለች። «አፍሽ ቆሞ ይጠብቀው» ይሏታል። አንድ ቀን ተናድዳ በሩጫ ጽፋ ብታመጣው ይዘውት የሄዱ ሦስት ልጆች ሦስት ቦታ ጠፉ። «ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል» ብለው እንደገና አስቀመጧት። ፀሐይ አዘቅዝቃ ጥበቃው ቁልፉን እያንቃጨለ እስኪመጣ ድረስ እዚያው ነበረች።

በዚያ ዓመት ትምህርት ቤቱ አዲስ ዳይሬክተር ተመድቦለት ነበር። ከሌላ ከተማ የመጣ ወጣት ነው፤ ሸሚዙ ሁልጊዜ የተተኮሰ፣ ጠረጴዛው ላይ እስክሪብቶ እንኳ ዘመም ብሎ የማይተኛ። ፈተናው ሊደርስ ሲል አራት ነጥብን ቢሮው ጠራቸው።

«መምህርት፣ ይቅርታ ያድርጉልኝና፣ የልጆችዎ ደብተር በሙሉ ስርዝ ድልዝ ነው።»

«ያሰቡበት ስለሆነ ነው።»

«ዘንድሮ የጽሑፍ ፈተናውን ራሴ አርማለሁ።»

አራት ነጥብ ትንሽ አሰቡ። ይህ ወጣት የራዲዮን ወረቀት ገና ከሩቅ ሲያየው እንደሚጥለው ገባቸው። «ይረሙ» አሉ። «ግን በእግርዎ ይረሙ። እርስዎ ለከተማው እንግዳ ነዎት፤ ከእርስዎ የተሻለ አንባቢ ከየት ይገኛል? የቤታቸውን መንገድ ይጻፉ፤ አንዱን ወረቀት መርጠው ብቻዎን ይሂዱበት።»

ዳይሬክተሩ ሳቀ፤ ነገሩ ሳይጥመው አልቀረም። ፈተናው ዕለት ክፍሉ ገብቶ «ከእናንተ የአንዳችሁን ወረቀት ይዤ ቅዳሜ ጠዋት ቤታችሁ እመጣለሁ» አለ። ልጆቹ ጽፈው ሲጨርሱ ወረቀቶቹን በገዛ እጁ ሰበሰበ፤ አራት ነጥብ አንዱንም አላዩትም። ቢሮው ወስዶ አገላብጦ አገላብጦ፣ ከሁሉም ስርዝ ድልዝ የበዛባትን መዘዘና አራት ነጥብን ጠርቶ አሳያቸው።

«ይህቺ ወረቀት ሰው ቤት ካደረሰችኝ ስለ ንጽሕና ሁለተኛ አልናገርም። ካላደረሰችኝ ግን ጸሐፊዋ ወደቀች። እርስዎም ይህን በእግር ማረም ይተዋሉ።»

አራት ነጥብ ከላይ የተጻፈውን ስም አዩ። የራዲዮ ነበር። «እሺ» ከማለት ሌላ ግን ምን ይላሉ? ነገሩን የጀመሩት ራሳቸው ናቸው።

የማን ወረቀት እንደተመረጠ ለራዲዮና ለአባቷ ተነግሯቸው ነበር፤ ቅዳሜ ጠዋት አራት ነጥብ ከዳይሬክተሩ ቀድመው ቀለም ቀቢው ቤት ሄዱ። ከጠባቡ መንገድ እንደገቡ የቀለም ሽታ አፍንጫቸውን መታው። ቀና ብለው አዩና በቁማቸው ቀሩ። አረንጓዴው በር ሰማያዊ ሆኗል። አብረቅራቂ፣ ገና ያልደረቀ ሰማያዊ።

ቀለም ቀቢው ብሩሹን እንደያዘ ጥርሱን በሙሉ አሳይቶ ተቀበላቸው። «እንዴት ነው መምህርት? ዳይሬክተሩ በእግሩ ቤቴ ድረስ ሊመጣ! ገና ሳይነጋ ተነሥቼ ነው የቀባሁት። ክሊኒክ ስቀባ የተረፈኝ ነው፤ አንደኛ ቀለም ነው!»

«አረንጓዴ ብላ ጽፋ ቢሆንስ?» አሉ አራት ነጥብ።

ቀለም ቀቢው በሩን አየ፤ ብሩሹን አየ። ሳቁ ቀስ እያለ ከፊቱ ወረደ። «አረንጓዴ?» አለ። «ውይ! ውይ በሞትኩት!» ሮጦ ጓዳ ገባና የአረንጓዴውን ቆርቆሮ ይዞ ወጣ። ገለበጠው፤ ጠብ የሚል ነገር የለም። «ቆይ፣ መንገድ ላይ ቆሜ ልጥራው! ‹በዚህ ነው ጌታው› ማለት ምን ያቅተኛል?»

አራት ነጥብ አራት ጣታቸውን አነሡ። ሰውየው ቆርቆሮውን እንዳቀፈ ዝም አለ።

ራዲዮ ደጃፉ ላይ ተቀምጣለች። ከእንቅልፏ ነቅታ በሩን ካየች ጀምሮ እጇን ከአፏ አላነሣችም። «ፈተናው ላይ ምን ብለሽ ነው የጻፍሽው?» አሏት። ራሷን ነቀነቀች። ጸሐፊ አንባቢው እስኪደርስ አፉን ይይዛል፤ ሕጉ ይህ ነው። «ለእኔ እንኳ?» ራሷን ነቀነቀች። በዓይኗ ታልቅስ ትሳቅ መለየት አልቻሉም። ሕጉን ያወጡት ራሳቸው ናቸውና ማንን ይቆጡ?

ሁሉም ወደ ውስጥ ገቡና በሩን ዘግተው ጠበቁ። ከሩቅ ቡኒው ውሻ ሲጮህ ተሰማ። ጩኸቱ ቀረበ፣ የጫማ ኮቴ ተሰማ፣ ኮቴው በሩ ጋ ደረሰ። ከዚያ አለፈ። ውሻውም እየጮኸ አብሮት አለፈ።

ቀለም ቀቢው ግድግዳውን ተደግፎ ዓይኑን ጨፈነ። አራት ነጥብ ሳያውቁት እጃቸው መቀርቀሪያው ላይ ነበር። ገርበብ ማድረግ ብቻ ይበቃል። ብቅ ብለው አንድ ጊዜ ቢያስሉስ? ይህቺ ልጅ ስንት ቀን ወረቀት ላይ ስትደፋ እንደቆየች የሚያውቁት እሳቸው ናቸው። ዞር ብለው አዩዋት። ራዲዮ ሁለተኛ እጇንም በመጀመሪያው ላይ ደርባ አፏን ይዛ ነበር። እጃቸውን ከመቀርቀሪያው አነሡ።

ኮቴው ሩቅ ቆመ። ከዚያ ተመለሰ። ተጠጋ።

ተንኳኳ።

ራዲዮ ዘልላ በሩን ከፈተች። ዳይሬክተሩ ላብ ባጠመቀው ሸሚዝ ቆሟል። በግራ እጁ ወረቀቷን ይዟል፤ ቀኝ እጁን ደግሞ ከሸሚዙ አርቆ ዘርግቷል። የጣቶቹ አንጓ ሰማያዊ ነው።

«ጥፋቱ የእኔ ነው» አለ እየሳቀ። «እየተራመድኩ ሳነብ ‹አረንጓዴ› የሚለው ላይ ቆምኩና አረንጓዴ ፍለጋ ሄድኩ። ቀጥሎ ያለውን አላነበብኩትም።» ከዚያ ወረቀቱን ከፍ አድርጎ አነበበ።

«‹ጥግ ላይ ያሉትን አዛውንት አይከተሉ፤ እሳቸው ጥላ ነው የሚከተሉት። የጭነት መኪና ገጭቶ ባጣመመው የመብራት ምሰሶ በኩል ይታጠፉ። የሚያቃናው ስለሌለ ያገኙታል። ውሻው ይጮኻል፤ አይስሙት። በራችን አረንጓዴ ነው። ግን ቀለሙን አይመኑት። አባቴ ቀለም ቀቢ ነው፤ ደስ ያለው ቀን በራችንን ይቀባል። እርስዎ እንደሚመጡ ከሰማ ደስ ይለዋል። ስለዚህ ከበሩ በስተግራ ክዳን የሌለው የውሃ ቆጣሪ ይፈልጉ። ክዳኑን የጣልኩት እኔ ነኝ። ሲያንኳኩ ይጠንቀቁ፤ ቀለሙ ሳይደርቅ ሊሆን ይችላል።›»

ዳይሬክተሩ እጁን አየ። «ይህቺን የመጨረሻዋን ደግሞ ካንኳኳሁ በኋላ ነው ያነበብኳት።»

አራት ነጥብ ሳቃቸው መጣ፤ ሳቁ ሳያልቅ ዓይናቸው እንባ ሞላ፤ ሁለቱንም አልደበቁም። ቀለም ቀቢው ግን አልሳቀም። ቆርቆሮውን መሬት ላይ አስቀመጠ።

«ጌታው፣ ያችን ስለ እኔ ያለችውን ይድገሙልኝ።»

«‹አባቴ ቀለም ቀቢ ነው፤ ደስ ያለው ቀን በራችንን ይቀባል።›»

«እውነቷን ነው» አለ ቀለም ቀቢው። «እኔ ራሴ ልብ ብዬው አላውቅም። አንድም ቀን እኮ ነግራኝ አታውቅም።» ወደ ልጁ ዞረ። «አክስትሽ ሌላ ሰው ትፈልግ።»

ራዲዮ አሁንም አፏን እንደያዘች አራት ነጥብን አየች።

«ደርሰዋል እኮ» አሏት። «ተናገሪ፣ የኔ እናት።»

እጇን አወረደች። ከዚያ በኋላ ያለውን ማን ይችለዋል! ዶሮዋ፣ ምሰሶው፣ ውሻው፣ ክዳኑ እንዴት እንደጠፋ፣ ሁሉም አንድ ላይ ወጣ። አባቷ ከዳይሬክተሩ ጣቶች ላይ ቀለሙን በቲነር እስኪያስለቅቅ ድረስ አልጨረሰችም። አራት ነጥብም በዚያን ቀን ጣታቸውን አላነሡባትም።

በሩ ላይ ዳይሬክተሩ ያንኳኳበት ቦታ የአራት ጣት አንጓ ምልክት ተቀርጾ ቀርቷል። ቀለም ቀቢው የሰው ግድግዳ ላይ የዝንብ እግር የምታህል ጉድለት እንኳ የማያሳልፍ ሰው ነው። ራዲዮ ስድስተኛ ስትገባ በሩን ቢጫ ቀባው፤ ሰባተኛ ስትገባ ቡናማ። ያችን ሰማያዊ ቦታ ግን ሁልጊዜ በብሩሹ ጫፍ ዙሪያዋን ይዞራታል እንጂ አይነካትም።